ለሁለት የተካፈለችው ልጅ

ነገሩ የተበላሸው ማካፈል ላይ ነው። የተከበረው የፈተና መራጭ ኮሚቴ ለአንዲት ልጅ ሁለት ፈተና ሰጠ፤ ውጤቱን ደመረ፤ ለሁለት አካፈለ፤ ልጅቱንም ምንም የሌለባት መካከለኛ አድርጎ አወጣት። እንዲህ ያለ ፈውስ ሐኪሞች እንኳ ገና አልደረሱበትም።

ልጅቱ ዲስሌክሲያ የሚሉት የማንበብ ችግር አለባት። ፊደል ገጽ ላይ አልሰለፍ ይላታል እንጂ ጭንቅላቷ ምላጭ ነው። የአውቶብስ ሾፌር የሆነችው እናቷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ላይ ጥያቄውን ጮክ ብሎ የሚያነብላት ሰው። ያ ካልተፈቀደ ልጅቱ ክፍል መድገሟ ነው። ለመፍቀድ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ለማስረጃው ፈተና፤ ለፈተናው ኮሚቴ፤ ለኮሚቴው የታሸገ ውሃ።

ምርጫው በታላቅ ጥንቃቄ ተካሄደ። ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ፈተናዎች አንድ በአንድ እያነሱ በእጃቸው መዘኑ። ቀጫጭኖቹን “ለተቋማችን ክብር አይመጥኑም” ብለው ገፏቸው። ሁለት ወፍራሞች ቀሩ፤ አንዱ የጽሑፍ፣ አንዱ የቃል። ምን እንደሚለኩ ገልጦ ያየ የለም፤ ፈተናን አስቀድሞ ማየት ኩረጃ ነውና።

ልጅቱ በጽሑፉ አሥር፣ በቃሉ ዘጠና ስምንት አመጣች። እናትየው የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ልጇን ይዛ ውሳኔውን ልትሰማ ገባች።

“አማካይ ውጤቷ ሃምሳ አራት ነው” አሉ የኮሚቴው አባል የሆኑት የሒሳብ መምህር። “ድጋፍ የሚሰጠው ከሃምሳ በታች ላመጣ ነው። እንኳን ደስ አለዎት!”

“ዘጠና ስምንቱ እኮ ሲነበብላት ነው፤ አሥሩ ሳይነበብላት። ልዩነቱ አይታያችሁም?”

“ልዩነቱ ታይቷል” አሉ ርዕሰ መምህሩ። “ታይቶም ተወግዷል። አማካይ የሚሠራው ለዚሁ ነው።”

“እንዴ! አንዱ ጎማዬ ሊፈነዳ ተወጥሮ፣ ሌላው ተንፍሶ፣ አማካዩ ደህና ነው ብዬ ሰው ልጫን?”

“እሱ የትራንስፖርት ጉዳይ ነው።”

ልጅቱ የእናቷን እጅጌ ሳብ አደረገች። “እማዬ፣ ሃምሳ አራት ላይ እኮ እኔ የለሁም።”

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። “ይህ ከመካከለኛ ልጅ የሚጠበቅ ንግግር አይደለም። አጠራጣሪ ነው። ሦስተኛ ፈተና ይመረጥና ነገ ትፈተን።”

“አንመጣም” አለች እናት።

“የቀረ ዜሮ ነው!” የሒሳብ መምህሩ ጣታቸውን ቀሰሩ። “ዜሮውም ይደመራል! ለሦስት ይካፈላል!”

ልጅቱ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። “ሰላሳ ስድስት” አለች። “እማዬ፣ ከሃምሳ በታች ነው።”

የሒሳብ መምህሩ ካልኩሌተራቸውን ነካኩ። አጥፍተው አበሩት፤ እንደገና ነካኩ። “ሰላሳ… ስድስት” አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

እናትየው ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረች። “ታዲያ አሁን ድጋፍ ይገባታላ?”

ርዕሰ መምህሩ የሒሳብ መምህሩን አዩ፤ የሒሳብ መምህሩ ወለሉን አዩ።

“በመመሪያው መሠረት… ይገባታል” አሉ ርዕሰ መምህሩ።

“በሉ እንግዲህ አንባቢውን መድቡ። እኛም ነገ ላለመፈተን በርትተን እንዘጋጃለን።”

ልጇን አስቀድማ ወጣችና በሩን እንደ አውቶብስ በር ጥርቅም አድርጋ ዘጋችባቸው።