ሳትታመም የታከመችው መኪና

ሰው ሲታመም ሐኪም ፍለጋ አገር እናካልላለን፤ መኪና ስትታመም ግን ሐኪም አጥታ አታውቅም። እኔ በኖርኩባቸው የቆላ ከተሞች ሁሉ ያየሁት ይህንኑ ነው። የአንዲት መኪና ኮፈን ከተከፈተ በዚያ በኩል የሚያልፍ ወንድ ሁሉ የወጣበትን ጉዳይ ይረሳል። ይቆማል፣ አንገቱን ያሰግጋል፣ ቀጥሎ እጅጌውን ይሰበስባል። ዕድሜ ልኩን ከግመል በቀር በምንም ተጉዞ የማያውቀው እንኳ ሞተሩን ትክ ብሎ ያይና «ባትሪዋ ነው» ይላል። ባትሪዋ ሆኖ አያውቅም። አትሳቁ፤ እናንተም አንድ ቀን እንዲሁ ቆማችሁ ታውቃላችሁ፤ ምናልባትም ስለ ባትሪው ያነሳችሁት እናንተ ናችሁ።

ይህን ያነሳሁት ነገሌ ቦረና የሆነ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው። ዘመኑ ሁላችንም ጓድ የነበርንበት፣ ከስብሰባ የተረፈችውን ሰዓት ሥራ ብለን የምንጠራበት ጊዜ ነው። እኔ የነገሌ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀልኩ አድጌ፣ ያኔ በከብት ሕክምና መሥሪያ ቤት ክትባት ሰጪ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። መሥሪያ ቤታችን ያለችው አንዲት ፒክአፕ ብቻ ስትሆን፣ እሷም የምትታዘዘው ለሹፌሯ ለጋሽ ወርቁ ብቻ ነው። ጋሽ ወርቁ ከደጋ መጥተው ነገሌ ላይ የሸበቱ፣ ሳቅ የማያበዙ፣ መኪናዋን እንደ ሚስት በስሟ የማይጠሩ፣ «እሷ» ብቻ የሚሏት ሰው ነበሩ።

ከወራት በፊት የዚህችው መኪና የዘይት ፊልትሮ ላልቶ፣ ወደ አሬሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ዘይቷን ስታንጠባጥብ ሄዳ ነበር። በዚህ የተነሳ ጋሽ ወርቁ በስብሰባ መሃል ተነሥተው ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ተጠየቁ። እስቲ አስቡት፤ አንድ የተከበሩ ሰው ልጆቻቸው በሚሆኑ ጸሐፊዎች ፊት ቆመው «ፊልትሮውን በሚገባ ባለማጥበቄ ግዴታዬን አልተወጣሁም» ሲሉ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ ያፈርኩትን እፍረት አልረሳውም። በማግስቱ አዲስ ፊልትሮ አስገቡ። ይህ ዕቃ ጣሳ የመሰለ ክብ ነገር ነው፤ በእጅ ብቻ ጠበቅ ተደርጎ ይተዋል፤ እሳቸውም ይህን ከማናችንም በላይ ያውቃሉ። ግን ምን ይደረግ፤ ስብሰባው ገና ከጆሯቸው አልወጣም። በእጃቸው አጠበቁት፣ በቁልፍ ደገሙት፣ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ቀጥለው ሦስተኛ አጠበቁት። አልበቃቸውም። ጉልበተኛ የሚባለውን የግቢውን ዘበኛ ጠርተው «እስቲ አንተም ሞክረው» አሉት። ከዚያ ወዲህ ያቺ መኪና አንዲት ጠብታ አላንጠባጠበችም፤ ለዚህም ያመሰገናቸው ሰው የለም።

አሁን ኦቦ ገልገሎ ይምጡ። በሊበን በኩል ከሚኖሩ ከብት አርቢዎች ቃላቸው የሚሰማ ሽማግሌ ናቸው። በአካባቢያቸው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገባ ተባለ። (ለዚህን ያህል ጨካኝ በሽታ እንዲህ ያለ ስም ያወጣለት ሰው ምን አስቦ እንደሆነ ዛሬም ይገርመኛል።) አርቢዎቹ ግን ክትባት አይወዱም። ቀደም ሲል በሽታው አስቀድሞ የያዛቸው ከብቶች ከተከተቡ በኋላ ሞተው፣ ጥፋቱ ሁሉ በመርፌው ተላክኮ ነበር። ኦቦ ገልገሎ ዘመዶቻቸውን ለምነውና ቃል ገብተው፣ ከብቱ ሁሉ በአንድ ቀን አንድ ኤላ ዘንድ፣ ማለትም አንድ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ዘንድ እንዲሰበሰብ አደረጉ። ቦረና ዘንድ ከብት ውሃ የሚጠጣው በተራ ነው። የዚያን ቀን ተራ የሌሎች ነበር፤ እሳቸው ቀኑን ተዋሱ። ጀንበር ስትጠልቅ ከብቱ ጉድጓዱን ለባለተራዎቹ ለቆ ይበተናል። ክትባቱም በበረዶ ሳጥን ውስጥ ነው፤ በረዶው ደግሞ ከዚያች ቀን አያልፍም። ያን ቀን ካልደረስን ከብቱ ለበሽታው ይቀራል፤ የሽማግሌውን ቃልም ከዚያ በኋላ የሚሰማ አይገኝም።

ኦቦ ገልገሎ ሊወስዱን በማለዳ ግቢያችን ደረሱ። «አካም! ናጋ?» ተባባልን። የሰዉን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ሰላም በየተራ ተጠያየቅን፤ ይህ ሳያልቅ የሥራ ወሬ አይነሣም። ሲያልቅ ሽማግሌው በኦሮምኛ ጠየቁኝ።

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ዘመዶቼ የሚጠይቁኝን ልጠይቅህ። ያልታመመ ከብት ለምንድን ነው የሚወጋው?»

በዚያው ሰዓት ጋሽ ወርቁ ከመኪናዋ ሥር ተኝተው አሮጌውን ዘይት እያፈሰሱ ነበር። ኪሎ ሜትሯ ስለደረሰ፣ ዘይትና ፊልትሮዋ ሳይቀየር የመውጫ ወረቀቷ አይፈረምም ተብሏል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እኔም ምሳሌ በደጄ የመጣልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

«ኦቦ ገልገሎ፣ ይህችን መኪና ይመልከቱ» አልኩ፣ እንደ ካድሬ እጄን ዘርግቼ። «ደህና ናት። አልታመመችም። እንዳትታመም ግን አስቀድመን እናክማታለን። ክትባትም ማለት ይኸው ነው።»

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ሽማግሌው መኪናዋን አዩ፤ እኔን አዩ። «ጥሩ፣ እናያለን» አሉና ከግራሩ ጥላ ሥር በርጩማቸውን አስቀምጠው፣ በትራቸውን ተደግፈው ለማየት ተቀመጡ።

ፊልትሮው እምቢ አለ። ጋሽ ወርቁ በእጃቸው ሞከሩ፣ በጨርቅ ይዘው ሞከሩ። ቀበቷቸውን ፈትተው ጠምጥመውበት ሲስቡ ቀበቶው ተበጠሰ፤ ከዚያ በኋላ በአንድ እጃቸው ሱሪያቸውን እንደያዙ ነበር የሚሠሩት። መጨረሻ ላይ ኮፈኑን ከፈቱት። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳልነግራችሁም ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ የደረሱት ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሐጂ ኑር ናቸው። «ወላሂ መድኃኒቱ ነጭ ጋዝ ነው» ብለው አንድ ጠርሙስ ይዘው መጡና አፈሰሱበት፤ ፊልትሮው አብረቀረቀ እንጂ አልተነቃነቀም። ቀጥሎ አንድ የፊዚክስ መምህር መጣ። ጉዳዩ የጉልበት ሳይሆን የዕውቀት መሆኑን አስረድቶ ሲያበቃ እጁን ከላይ ሰደደ። ጋሽ ወርቁ ከታች፣ መምህሩ ከላይ ሆነው «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» እየተባባሉ ማዞር ጀመሩ። ከላይ ላለው ግራ የሆነው ከታች ላለው ቀኝ መሆኑን ለማስተዋል ለሁላችንም ብዙ ጊዜ ፈጀብን፤ መምህሩ ግን እስከ መጨረሻም አልተቀበለውም። በዚህ መሃል አንድ መንገደኛ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ «ባትሪዋ ነው» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

እኔንም «አንተስ? ና እንጂ!» አሉኝ። «እኔ ስለ መኪና አላውቅም» አልኩ። ዓይናቸው ሁሉ እንደ ሰነፍ ሲያየኝ ይሰማኛል። ምን ላድርግ፤ ወደ ሳጥኔ ተመለስኩ። ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር ሳጥኑን ወደ ጥላው እየጎተትኩ፣ የሸፈንኩበትን ጆንያ ውሃ እያርከፈከፍኩበት፣ ከሽማግሌው ዓይን ለመሸሽ ስሞክር ረፋዱ አለቀ።

እሳቸው ግን ዝም አላሉኝም።

«ይኼ አልወጣም ያለው ነገር ሥራው ምንድን ነው?»

«ቆሻሻ ይይዛል።»

«ታዲያ ይዞ የለም? ለምን አትተዉትም?»

ዘይቷ ፈስሷል፣ ወረቀቷ አልተፈረመም ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ለራሴም ቢሆን ጥሩ መልስ አልመሰለኝም። በመጨረሻ ጋሽ ወርቁ ረጅም ካቻቢቴ አመጡና በመዶሻ እየመቱ ፊልትሮውን ከጎን ወደ ጎን ወጉት፤ እንደ እጀታ ይዘው ሊያዞሩበት ነው። ኦቦ ገልገሎ ከበርጩማቸው ብድግ ብለው ቀረብ አሉና በጆሮዬ ጠየቁኝ።

«መርፌው ይኼ ነው?»

እኔ ሳጥኔን ለማየት ዞርኩ።

ቆርቆሮው ተቀደደ፤ ከሥሩ ያለው ወፍራም ክፍል ግን እንደተጣበቀ ቀረ። በዚህ ጊዜ ጋሽ ወርቁ ላብ በላብ ሆነዋል፣ የእጃቸው ጀርባ ተልጦ ይደማል። መሮ ተፈለገ፤ ሐጂ ኑር ከሱቃቸው አመጡ። ሲመታ፣ ሲመታ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ተፈናጥሮ ወደቀ። ጭብጨባው ቀለጠ! መምህሩ ከዘበኛው ጋር ተቃቀፈ። ጋሽ ወርቁ አዲሱን ፊልትሮ ቀስ አድርገው፣ በእጃቸው ብቻ፣ ልክ እንደሚገባው ማዞር ጀመሩ። አልያዘም። አወጡት፣ ጠረጉት፣ እንደገና ሞከሩ። ፊልትሮው የሚጠመዘዝበትን የሞተሩን ጥርስ መሮው በልቶት ነበር።

ሰዉ አንድ በአንድ ጉዳዩ ትዝ አለው። ጋሽ ወርቁ መሬት ላይ ተቀምጠው የተላጠ እጃቸውን ያዩ ጀመር፤ አንጀቴን በሉት።

«ሞተች?» አሉኝ ኦቦ ገልገሎ።

«ሞተች» አልኳቸው።

ያዳኑን ሐጂ ኑር ናቸው። የጭነት መኪናቸው በዚያው መንገድ ሊወጣ ተዘጋጅቶ ነበርና «ውጡ፣ እኔ አደርሳችኋለሁ፤ መሮው የኔ አይደል?» አሉን። ጋሽ ወርቁ ከእሷ አልለይም ብለው ቀሩ። እኔ፣ ሽማግሌውና ሳጥኔ ከሐጂ አጠገብ ጋቢና ውስጥ ተጣብበን ጉዞ ጀመርን። መኪናው አሮጌ ነው፤ ግን ዳገቱን እያጉረመረመ ይወጣዋል። ለመሆኑ ፊልትሮውን ከቀየሩት ስንት ጊዜ ሆነው ብዬ ሐጂን ጠየቅኋቸው።

«የምን ፊልትሮ?» አሉ ሐጂ ኑር።

ኤላው ዘንድ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ከብቱ በእሾህ አጥር ተከቦ ይጠብቃል፤ ባለተራዎቹ የራሳቸውን ከብት ይዘው ከወዲያ ማዶ ቆመው ጀንበሯን ያያሉ። ሽማግሌዎቹ ከበቡን። ለምን ዘገያችሁ፣ የመንግሥት መኪናስ የት ቀረች አሉ። አንድ ነገር ይፈጥሩልኛል ብዬ ኦቦ ገልገሎን በልመና ዓይን አየኋቸው። ቦረና በሽማግሌ ፊት አይዋሽም፤ ሽማግሌውም አልዋሹም።

«መኪናቸው ደህና ነበረች» አሉ። «ሳትታመም አከሟት። ሞተች።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ ሳጥኔን አየ። አንዱ ጎልማሳ የአጥሩን መዝጊያ እሾህ ሊጎትት ሄደ፤ ከብቱን ሊለቅ ነው። ኦቦ ገልገሎ በበትራቸው ጠቁመው አስቆሙት።

«አልጨረስኩም። እዚያ ግቢ የነበረው ሰው ሁሉ አውቃለሁ እያለ ነካት። ይሄ ጉርባ ብቻ አላውቅም አለ፤ አልነካትም። ሰው እንደ ሰነፍ ሲያየውም አልነካትም። ሳጥኑን ግን እስከ ቀትር ከፀሐይ ሲያሸሽ ነበር። የማያውቀውን የማይነካ ሰው ከብቴን ቢነካ አልፈራም።»

እንዲህ ያለ ምስጋና ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። ገና አጣጥሜው ሳልጨርስ ግን ሽማግሌው በሁሉም ፊት ወደኔ ዞሩ።

«ይህን ሥራ ግን ታውቀዋለህ፣ አይደል?»

እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ። ተቀጥሬ ለሥልጠና ተልኬ ከተመለስኩ ገና አንድ ወር ነበር። መስክ የወጣሁት ሁልጊዜ ከዋናው ክትባት ሰጪ ጋር ሲሆን፣ የኔ ሥራ ቀንድ መያዝ ነበር፤ ያን ቀን ብቻዬን የተላክሁት እሱ ስብሰባ ስለተጠራ ነው። በገዛ እጄ መርፌ ወግቼ የማውቀው አንድ ብርቱካንና አንዲት የታሰረች ጥጃ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የቀረው የበረዶ ስባሪ ከእፍኝ አይበልጥም። ጎልማሳው እጁን ከእሾሁ ላይ አላነሣም። አላውቅም የምትለዋን ቃል ጠዋት ግቢው ውስጥ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በድፍረት የተናገርኩ እኔ፣ አሁን አፌ ላይ አጣኋት።

«በደንብ!» አልኩ።

የመጀመሪያዋ ላም ዘንድ ስደርስ ትዝ ያለኝ ብርቱካኑ ነበር፤ አሥረኛዋ ላይ ረሳሁት። ጀንበር ስትጠልቅ ጨረስን፤ ከብቱ ለባለተራዎቹ ቦታ ለቆ ተበተነ። በሽታው በዚያ ዓመት ሊበንን ሲያዳርስ የኦቦ ገልገሎ ሰዎች ከብት ተረፈ። እሳቸውም በሕይወት እስከነበሩ ድረስ ነገሌ ገበያ ላይ ባገኙኝ ቁጥር፣ እጄን ይዘው «የማያውቀውን አላውቅም የሚል ልጅ ይኸው» እያሉ ላገኙት ሰው ሁሉ ያስተዋውቁኝ ነበር። እኔም ይህን ሲሉ አንገቴን እደፋለሁ፤ ሰዉም ትሕትና ይመስለዋል።