በቀትር የጎደለው ቮልቴጅ

ሰው ከፍ ዝቅ የሚል ነገር አይወድም። የደም ግፊቱ ቢወጣ ይደነግጣል፣ ቢወርድም ይደነግጣል። የመኪና ቮልቴጅ ግን ካልወጣና ካልወረደ ጤነኛ አይደለም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እናንተ ብታምኑኝ አሁን ምን ይፈይዳል! ማመን የነበረበት፣ በደርግ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ እሠራበት የነበረው የመንግሥት ጋራዥ ካድሬ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቄ የጋራዡ ኃላፊ ሆኜ ተመድቤያለሁ። ሙሳ ከድሬዳዋ አጠገብ የመልካ ጀብዱ ሰው ነው፤ ሽቦ በጣቱ ዳስሶ በሽታውን የሚያውቅ የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን። አንድ ቀን ፀሐይ ሳትወጣ የካድሬውን ጂፕ አልተርኔተር ለካ። አሥራ አራት ነጥብ አራት ቮልት። ካድሬው ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ሁርሶ ደርሶ በቀትር ሲመለስ የጂፑ ቆርቆሮ እጅ ያቃጥላል። ሞተሩ ቀስ ብሎ እየዞረ፣ የፊት መብራቱ እንደበራ ሙሳ ደግሞ ለካ። አሥራ ሦስት ነጥብ አምስት።

«የቀረው የት ገባ?» አለ ካድሬው።

«አቦ ጓድ፣ ሙቀቱ ነዋ!» ሙሳ ሳቀ።

መሳቅ አልነበረበትም።

ወዲያው ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ፤ «አሻጥር» የሚለው ቃልም ወጣ። ያ ቃል የወደቀበት ሰው ሚስት፣ እስር ቤት የምታመላልሰውን ሳህን ታዘጋጅ ነበር። ተነስቼ አስረዳሁ። ባትሪ ሲግል ትንሽ ግፊት ይበቃዋል፤ እንደ ንጋቱ ቢገፉት ውሃው ይፈላል፤ ስለዚህ ሬጉላተር የሚሉት ተቆጣጣሪ ራሱ ይቀንስለታል። መብራት ሲበራና ሞተሩ ሲያዘግም ደግሞ ጥቂት ይወርዳል።

«እንደ አየሩ አቋሙን ይለዋውጣል ነው የምትለው?» አለ ካድሬው።

«አዎ።»

«ወላዋይ ነዋ! እንደ ምሁር።»

ሰዉ ሳቀ። ሙሳ ግን አልሳቀም፤ ጠመንጃ የያዘ ዘብ አጠገቡ ቆሟል።

በማግስቱ ንጋት ዳግም ይለካ ብዬ ለመንኩ። ተፈቀደ። ሙሳ ቀበሌ ታስሮ አደረ፣ ጂፑን ዘብ ጠበቀው፣ እኔ ዓይኔን ሳልከድን ነጋ። የተማርኩትን ተጠራጥሬ አይደለም። አልተርኔተሩን የሚያዞረው ቺንጋ ቢላላስ? የባትሪው ገመድ ጫፍ ዝጎ ቢሆንስ? አንዲት የላላች ብሎን ሰው ልታስጨርስ ትችላለች።

ሲነጋ የሙሳ ሚስት በሩ ላይ ቆማለች። ሙሳን ከቀበሌ አምጥተውታል፤ ጂፑን እንዳይነካ ግን ተከልክሏል፤ ስለዚህ እኔ ለካሁ። መርፌዋ ወጣች፣ ወጣች፣ ቆመች። አሥራ አራት ነጥብ አራት! ጮህኩ።

ካድሬው መለኪያውን ብዙ አየው። ከዚያ ፈገግ አለ።

«አያችሁ ጓዶች? አንድ ሌሊት ብናስረው መለሰው።»

ወረቀት መጣ። ሙሳ የደበቀውን ቮልቴጅ ስለመለሰ ምሕረት ተደርጎለታል ይላል፤ በትክክል መመለሱን ባለሙያ ያረጋግጥ ይላል። ባለሙያው እኔ ነኝ።

«አልፈርምም! ይሄ ውሸት ነው» አልኩ።

ሙሳ እጅጌዬን ጨመደደ። «ወላሂ ኢንጂነር፣ ፈርምልኝ! ጠጥቶታል በላቸው፣ በልቶታል በላቸው፤ ብቻ ቤቴ ልግባ።»

ፈረምኩ። ሙሳ ቤቱ ገባ። እኔ ለሌባ ጥብቅና የቆምኩ ተብዬ መለዋወጫ መጋዘን ተወረወርኩ፤ መንግሥቱ እስኪወድቅ ድረስም ብሎን ሳድል ኖርኩ። ከስሜ ፊት «ኢንጂነር» ተብሎ ተጽፎ የፈረምኩበት ሰነድ በሕይወቴ እሱ ብቻ ነው።