ልጅቷን የሚያስለቅሳት ጺም

(ጠባብ መታጠቢያ ክፍል። ሾፌሩ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጥቅጥቅ ያለ የጺም ብሩሽ እንደ መኪና መሪ በሁለት እጁ ጨብጧል። ከከረመበት መንገድ የገባው ትናንት ነው፤ ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ጭነቱን ይዞ ይወጣል። ሚጢ ልጁን ግን እስካሁን አንዴ እንኳ በወጉ አላቀፋትም፤ ገና ሲይዛት ቤቱን በጩኸት ታናውጠዋለች። የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ አጎት፣ ከኋላው ቆሞ ያንን የሚኮራበትን ትልቅ ሪዙን በማበጠሪያ ያስተኛል።)

አጎት፦ አልኩህ እኮ፣ ጺምህ ነው!

ሾፌር፦ ጺሜ ምን አደረጋት?

አጎት፦ ፊትህን በመስታወት አይተኸዋል? እኔ ትልቁ ሰውዬ እንኳ ደንግጫለሁ። ትናንት ስታቅፋት ጮኸች፣ ዛሬም ጮኸች። አያያዙን ላሳይህ ብዬ ከትከሻህ ሳልርቅ በዓይኔ ያየሁት ነው!

ሾፌር፦ እሱስ እውነትህን ነው። አንተ ያልነበርክበት ጊዜ የለም።

አጎት፦ እኮ!

ሾፌር፦ እሺ ይላጭ። ልጄን ሳላቅፋት ከምሄድ አገጬም ይሂድ። ሳሙናውን በእጄ ልለቅለቀው?

አጎት፦ በእጅ? ሱቄ ከፀጉር ቤቱ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ በመስታወቱ ስንት አገጭ ሲላጭ አይቻለሁ መሰለህ! ብሩሹ ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራው ጺሙን ከሥሩ እያነሳ እንዲያቆመው ነው።

ሾፌር፦ ማን መጣ ብሎ ነው የሚቆመው?

አጎት፦ ምላጭ ነዋ!

ሾፌር፦ (አስቦ) ታዲያ ምላጭ ከመጣ ቢተኛ አይሻለውም?

አጎት፦ ዝም ብለህ ብሩሹን ንከረው! ውሃ ይጥገብ። አሁን አራግፈው።

(ሾፌሩ በሙሉ ጉልበቱ ያራግፋል። ውሃው የአጎትን ሸሚዝ ከአንገትጌው እስከ ቀበቶው ያርሰዋል።)

አጎት፦ ኧረ ወደ ገንዳው!

ሾፌር፦ ወዴት እንደሆነ መቼ ነገርከኝ?

አጎት፦ ምን ዓይነት ሰው ነው እህቴን ያገባት! ሳሙናውን ጫፉ ላይ አድርግ። ትንሽ፣ የአተር ፍሬ የምታህል። አሁን ጉንጭህ ላይ ክብ ክብ።

(ሾፌሩ ብሩሹን ቀጥ አድርጎ ይይዝና ጭንቅላቱን ማሽከርከር ይጀምራል።)

አጎት፦ ምን እየሆንክ ነው?

ሾፌር፦ ክብ ክብ።

አጎት፦ ብሩሹን እንጂ አንገትህን ነው እንዴ!

ሾፌር፦ ያው አይደለም? ዋናው መድረሱ ነው።

አጎት፦ ብሩሹን! ደግሞ አትጫነው፣ ፀጉሩ ይንጨፈረራል።

(ሾፌሩ ብሩሹን ከጉንጩ ያርቅና አየር ላይ በጥንቃቄ ያዞራል።)

አጎት፦ ይሄስ?

ሾፌር፦ አልተጫንኩትም።

አጎት፦ ንካው እንጂ፣ ንካው! እንደሱ። ሲደርቅብህ ጫፉን ብቻ ውሃ አስነካ። አትቸኩል፤ አረፋ ፊት ላይ ነው የሚወለደው።

(ሾፌሩ ምላሱን በአንድ በኩል አውጥቶ ይሠራል። ያ ስስ የሳሙና ውሃ ቀስ እያለ ይወፍራል፣ ይነጣል፣ እንደ ረጋ እርጎ ይቆማል። ሾፌሩ ደስ አለው። አገጩን ጨርሶ ወደ አፍንጫው፣ ከዚያም ወደ ግንባሩ ይወጣል።)

አጎት፦ ግንባርህ ላይ ጺም አለህ?

ሾፌር፦ የለኝም። ቅር እንዳይለው ብዬ ነው።

አጎት፦ እግዚኦ! እንዳትነቃነቅ፤ ሸሚዜን ቀይሬ ምላጩን ይዤ መጣሁ።

(ይወጣል። የልጅቷ እናት ሚጢን ታቅፋ ብቅ ትላለች።)

እናት፦ እስቲ አንዴ ያዝልኝ፣ ድስቱ ሊያርብኝ ነው።

ሾፌር፦ ኧረ ቆይ፣ ገና አልተላጨሁም! ጺሜ እንዳለ ነው!

(እናት ጭኑ ላይ አስቀምጣት ትሮጣለች። ሾፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ ጩኸቱን ይጠብቃል። ዝም። አንድ ዓይኑን ይገልጣል። ሚጢ ጣቷን አረፋው ውስጥ ነከረች፤ አየችው፤ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ እጇን እስከ አንጓዋ አስገብታ ጺሙን ከሥሩ ጭምድድ አድርጋ ያዘችው።)

ሾፌር፦ (በሹክሹክታ) ጎትቺው የኔ እመቤት። ሁሉንም ውሰጂው።

አጎት፦ (ምላጩን ይዞ በሩ ላይ) ተገኘ! ምነው እንደ ጆንያ ያዝካት? እንዲህ ነው እንጂ!

(በሾፌሩ ትከሻ ላይ ጎንበስ ይላል። ሚጢ ቀና ስትል ሪዙ ፊቷ ላይ ተደቅኗል። ቤቱ በጩኸት ይናወጣል።)

አጎት፦ አየህ? ጺምህን አየችው!

እናት፦ (ከወጥ ቤት) ወንድም ጋሼ! ገባህ እንዴ እዚያ ክፍል?

(ሾፌሩ አጎትን ያያል፤ ሪዙንም ያያል። እግሩ ፍሬን ላይ ያለ ይመስል ቀስ ብሎ ያስባል።)

ሾፌር፦ እስቲ ወደ ኋላ በል።

አጎት፦ እኔ?

ሾፌር፦ ወደ ኋላ… ወደ ኋላ… ቁም።

(አጎት ከበሩ ውጭ ነው። ሚጢ ዝም ትላለች።)

ሾፌር፦ አሁን ወደ ፊት።

(አጎት አንገቱን ያስገባል። ጩኸት።)

ሾፌር፦ ወደ ኋላ!

(ዝም።)

አጎት፦ (ከውጭ) አጋጣሚ ነው!

እናት፦ በመጣህ ቁጥር እኮ እንዲሁ ናት፤ ቅር እንዳይልህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።

(ሾፌሩ ፊቱን በፎጣው ይጠርጋል። ጺሙ አንድም ሳይጎድል ብቅ ይላል። ሚጢ እንባዋን ጺሙ ላይ ጠረገችና ጉንጯን አሳርፋ ተለጠፈችበት። ሾፌሩ በአንድ እጁ እቅፍ ያደርጋታል። በኋላ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ በርጩማውን በእግሩ ወደ በሩ ይገፋል፣ በነፃ እጁ ብሩሹን ውሃ ውስጥ ይነክራል።)

ሾፌር፦ ና ወንድሜ፣ ተቀመጥ።

አጎት፦ (ሪዙን በሁለት እጁ ሸፍኖ) ምን ልታደርግ?

ሾፌር፦ አታስብ፣ አልጫነውም። ክብ ክብ ነው። አንገትህን ብቻ እንዳታዞር።