ባለ አንድ ዓይኑ ጻድቅ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አንድ ዓይኑን ብቻ የሚያሳይ ጻድቅ ቢያጋጥማችሁ ታምኑታላችሁ? በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሙሉ ፊቱን ሰጥቶ በሁለት ዓይኖቹ ያያችኋል። በጎኑ ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ የሚኖረው ሰይጣን ነው፤ ይሁዳም እንደዚያው።

ባለፈው እሑድ ዳዊት ሚኒያፖሊስ ያለ ሙዚየም ወሰደኝ። ዳዊት ማለት አክስቴ "ጨዋ ነው፣ እግዜርን የሚፈራ" እያለች ልትድረኝ የምትፈልገው ሰው ነው። እዚያ የድሮ ጣሊያኖች በእንጨት ላይ የሳሉት ጻድቅ፣ በወርቅ መሃል ተንበርክኮ አየሁ። ግን በጎኑ! አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ። አክሊሉማ ትሪ ያህላል፤ ሌላኛውን ዓይን ምን ሊሠራበት ነው የደበቀው?

ስለ ዳዊትም የነቃሁት ያኔ ነው። ብሉሚንግተን ከምሠራበት ሆቴል ሁልጊዜ ወደ ቤት የሚያደርሰኝ እሱ ነው። እሱ ድራይቭ ሲያደርግ እኔ ከጎኑ ነኝ፤ የማውቀው አንድ ጎኑን ብቻ ነው። ማታ ደግሞ አክስቴ እሺ ወይም እምቢ እንድላት ትጠብቃለች። በግማሽ ፊት እንዴት ሰው ይታመናል?

"ይሄ እንኳን ጻድቅ አይመስለኝም" አልኩት፣ መሬት መሬት እያየሁ።

"ምነው?"

"ሙሉ ፊቱን ለሰው አያሳይም።"

ዳዊት ሳቀ። "ታዲያ አንቺስ፣ የኔ እመቤት? እኔም እስከ ዛሬ የማውቀው አንዱን ዓይንሽን ነው። እስቲ ወደኔ ዙሪ።"