የሄርማታው የዓሣ ቤት

በጅማ ምድር ዓሣን በመስታወት ቤት ያኖርኩ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። መቼም በየከተማው «እኔ ነኝ የጀመርኩት» ባይ አይጠፋም፤ እናንተም ሰፈር አለ አይደል? የሄርማታው እኔ ነበርኩ።

ዘመኑ ደርግ ትርፍ ቤት የወረሰበት ነው። አሮጌ የመስኮት መስታወት በማስቲሽ አጣብቄ መኝታ ክፍሌ ውስጥ ገንዳ ሠራሁና ከአዌቱ ወንዝ ዳር ጥቋቁር ግልገል ዓሦች ቀድቼ ጨመርኩበት። ሰፈሩ ሊያይ ጎረፈ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር ገንዳውን ዞሮ ዞሮ፣ «ጓድ፣ ይኼ ትርፍ ቤት አይባልም?» አለኝ።

«ባለቤቶቹ ይኖሩበታል፣ ጓድ» ብዬ ከመወረስ አዳንኩት።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ገንዳው የተሠራው የጎረቤታችን የአባ ነጋ ልጅ ዘይነባ ልታይ እንድትመጣ ነው። መጣችም፤ አመሻሽ ላይ ከአባቷ ጋር ብቅ ትላለች። እኔም ጣናን የቆፈርኩት ይመስል ስለ ዓሣ እተነትንላታለሁ።

አንድ ቀን አባ ነጋ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ዓሣህ እግር አውጥቷል።»

«የውጭ ዝርያ ስለሆነ ነው፣ አባባ።»

«ወላሂ፣ ይኼ እንቁራሪት ነው። የጓሮዬ ቦይ ሙሉ ነው እኮ።»

ይኼኔ የውጭ ዝርያው ከገንዳው ዘሎ ጭኔ ላይ አረፈ። አልጋው ላይ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ጩኸቴ ግን ሰቃ ከተማ ድረስ ተሰምቷል። ዘይነባ እየሳቀች በሻሿ ጠቅልላ አነሳችው።

«አባ፣ ይኼን ሰውዬ ብቻውን መተው ደግ አይደለም» አለች።

አልተወችኝም። ዛሬም ክረምት ሲገባ የጓሮው ሽንት ቤት ቀድማኝ ትገባና ጥጋጥጉን አይታ፣ «የለም፣ ግባ» ትለኛለች። እንቁራሪት እፈራለሁ።