ሰማይ የሚያስቃኝ ገና

ከጎበዝ መማር ደግ ነው ይባላል። ግን ምኑን? በጃንሆይ ጊዜ እኛ የቡሬ ታች ሰፈር ሰዎች ከላይ ሰፈሩ ገበሬ ከአያ ደምሌ ገና ጨዋታ ተምረናል። ሩሯን በዱላቸው ሲመቷት ሜዳውን አቋርጣ ነበር የምትሄደው። ታዲያ ከመምታታቸው በፊት ሁልጊዜ ቀና ብለው ሰማይ ያያሉ።

ምስጢሩ ተገኘ አልን! በተከታዩ ገና ሰፈራችን በሙሉ ዱላውን ይዞ አንጋጠጠ። ልብስ ሰፊው አቶ ወርቁማ ውሃ የጠጣች ዶሮ መሰለ። አንገቱን ሲመልስ ሩሯ የለችም፤ ላይ ሰፈሮች ወስደዋታል። ተሸነፍን። እስኪመሽ በግጥም ሲሰድቡን ዋሉ፤ በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣምና ዋጥ አደረግነው።

እኔ ግን አላስችል አለኝና፣ «አያ ደምሌ፣ ሰማዩ ላይ ምን አይተው ነው እንዲህ የሚመቱት?» አልኋቸው።

«ደመና ነዋ! ጤፌ ሳይወቃ አውድማ ላይ ነው፤ ዝናብ ቢመጣብኝስ? እናንተስ ምን ታያላችሁ?»

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። አቶ ወርቁ ብቻ ግንባሩን መታ፤ «በሉ፣ ለካ የጎደለኝ ጤፍ ኖሯል!» አለ።

በክረምቱ የአማቱን መሬት የእኩል ይዞ ጤፍ ዘራ።