ካዝናውን ያወጣ ሰው

ሽጉጥ ያላቸውን የቦንጋ ሰዎች ሲያወሩ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ለትዳር የደረሰች ልጃቸውን የሚያሞግሱ ይመስለኝ ነበር። “ጥቁረቱ አይለቅም፤ ጥይት አይነክስም” ይላሉ።

ታላቅ ወንድሜም አንዱ ነበር። ሽጉጡን ከማንኪራ ጫካ በሚመጣ የንብ ሰም ይወለውላል። ባለፈው እሑድ የጥይት ካዝናውን አውጥቶ ሲወለውል፣ ለካስ አንዲት ጥይት በርሜሉ ውስጥ ቀርታ ኖሯል። ገደለችው።

ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ጓደኛው ጋሽ ገብሬ አጠገቤ ተቀመጡ።

“ካዝናው ወጥቶ ነበር?”

“አዎ፣ ጋሼ።”

“አንዴ ምላጩን ሲነካው ተኮሰ?”

“አዎ።”

“ወይ ጉድ! እንዴት ያለ የማይከዳ ዕቃ ነው! የኔው ምላጩ ደረቅ ነው፤ ቶሎ አይሳብም።”

ለዚህ እግዜር ይስጥልኝ ይባላል?

ይባስ ብለው የራሳቸውን ሽጉጥ መዘዙ። “አትፍራ፣ ካዝናውን አውጥቼዋለሁ” አሉና ምላጩን ይስቡ ጀመር። ድንኳን ሙሉ ሰው የሽጉጡን ቀለም ለማየት አንገቱን አሰገገ። መሬት ላይ የተደፋሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

“ሐዘኑ ጣለው!” ብለው ሴቶቹ ውሃ ረጩብኝ።

ጋሽ ገብሬ ከላዬ ቆመው፣ “አየህ፣ ደረቅ ነው አላልኩህም?” አሉኝ።